የማን ልጅ ነህ?

(ከሕፃናት ማሳደጊያ የሚወጡ ወጣቶችን ስለ መርዳት ለአጥቢያ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በዚህ ስብሰባ ስለ እህል፣ ስለ ውኃ ጉድጓድ ወይም ስለ ችግኝ ሳይሆን ከማሳደጊያችን ስለሚወጡ ወጣቶች እንድንናገር መጠየቃችን ደስ አሰኝቶናል። ደስ ያለን ግን የተሳካ ሥራ ይዘን ስለ መጣን አይደለም። ለብዙ ዓመታት ሳናስተውለው የኖርነውን አንድ ጉድለት በእናንተ ፊት ለመናገር ዕድል ስላገኘን ነው።

ነገሩን ከአንድ ሽምግልና እንጀምር። ባለፈው ዓመት በሐዋሳ በሚገኘው ማሳደጊያችን ያደገ አንድ ወጣት ሊያገባ ፈለገ። ልጁ በ1996 ዓ.ም. በአራት ዓመቱ ወደ እኛ መጣ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ 18 ዓመት ሲሞላው ከእኛ ወጣ። የእንጨት ሥራ ሙያ ተምሯል፤ ኪራይ ቤት ይዟል፤ በአጥቢያው የታወቀ አገልጋይ ነው። አባት ስለሌለው ሽማግሌ የምንልክለት እኛ ሆንን። አንድ መጋቢ፣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛችንና እኛ ሦስት ሆነን ወደ ልጅቷ ቤት ሄድን።

የልጅቷ አባት የወላይታ ሰው ናቸው፤ አስተናግደውን ከጨረሱ በኋላ እንደ አገሩ ወግ ጠየቁን። «አባቱ ማን ይባላሉ? አያቱስ? ጎሳው ማን ነው?» አሉን። እኛም ተያየን። ለ14 ዓመታት ያበላነውን፣ ያስተማርነውን፣ ሲታመም ሐኪም ቤት የወሰድነውን ልጅ አባት አናውቅም ነበር። ከወላይታ በኩል መምጣቱን ብቻ እናውቃለን። የአባት ስም ሆኖ በመዝገባችን የተጻፈውም የአባቱ ስም አይደለም። ማሳደጊያውን ያቋቋሙት ሽማግሌ ስም ነው።

እኒያ አባት ክፉ ሰው አልነበሩም። «ልጄን ለድኃ አልሰጥም አላልኩም። ልጁን በቤተ ክርስቲያን አየዋለሁ፤ ጥሩ ልጅ ነው። ነገር ግን ወንድሟን እንዳታገባብኝ እፈራለሁ» አሉን። በሰሜኑ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በወላይታና በደቡቡ በብዙ ስፍራ ደግሞ ጎሳ ይጠየቃል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» ማለት ነው። ቀጠሮ ለምነን አንገታችንን ደፍተን ተመለስን።

በማግሥቱ ፋይሉን ከካዝና አወጣነው። ሲመጣ ስንት ኪሎ እንደ መዘነ ተጽፏል። የተከተበው ክትባት ሁሉ አለ። የየክፍሉ ውጤት አለ። ለጫማ የወጣው ገንዘብ እንኳ ከነደረሰኙ አለ። ከመጨረሻው ወረቀት ጀርባ ላይ ግን በእርሳስ የተጻፈ አንድ ማስታወሻ አገኘን። ልጁን ያመጣችው በቦዲቲ ገበያ ጨው የምትቸረችር ሴት እንደሆነች፣ የእናቱ ጎረቤት እንደነበረች፣ እናቱ ታማ እንደ ሞተች፣ እናቱም እኛ በምንጠራው ስም ሳይሆን በሌላ ስም ትጠራው እንደነበር ይናገራል። የሴቲቱም ስም ተጽፏል።

ከዚህም የከፋ ነገር አገኘን። ከማስታወሻው ቀጥሎ በ1997 ዓ.ም. ለደጋፊዎቻችን የተላከ ሪፖርት ግልባጭ ተያይዟል። በሪፖርቱ ውስጥ የዚህ ልጅ ታሪክ ከነፎቶግራፉ አለ፤ የእናቱ ሞት፣ የጨው ነጋዴዋ ቸርነት፣ ሁሉም በሦስት መስመር በጥሩ ቃል ተተርኳል። ያን ሪፖርት ብዙ ሰው አንብቦታል፤ አንብቦም አልቅሷል፤ ገንዘብም ሰጥቷል። የታሪኩ ባለቤት ግን አልሰማውም። ታሪኩን ከእርሱ በፊት ለሌላ ሰው ነገርንበት፤ ለእርሱ መንገርንም ረሳን።

ወረቀቱን በሰጠነው ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያም «ጋሼ፣ ይህን መቼ አገኛችሁት?» ብሎ ጠየቀን። «ትናንት» አልነው። «እዚያው ነበር ማለት ነው?» አለ። አዎን፣ እዚያው ነበር። እርሱ ከሚተኛበት ክፍል እስከ ፋይሉ ካዝና ያለው ርቀት ከ50 እርምጃ አይበልጥም።

ወዳጆች ሆይ፤ ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ይህንኑ ነው። ወጣቱ ከማሳደጊያ ሲወጣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ጥቂት ብርና የሙያ ምስክር ወረቀት እንሰጠዋለን። ከሁሉ የሚበልጠውን ስንቅ ግን፣ ማን እንደሆነና ከወዴት እንደ መጣ የሚያውቅበትን ታሪኩን ይዘንበት እንቀራለን።

ስለ ማንነት ስንናገር አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የጠገበ አገር ጉዳይ ነው፤ እኛ ገና ዳቦ አላዳረስንም» ይሉናል። እኛ ግን የዕለት ኑሮ ጉዳይ ሆኖ አግኝተነዋል። በአገራችን እንደ ሌሎች አገሮች ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለም። የሰው ሙሉ ስም የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። ስለዚህ አባቱን የማያውቅ ልጅ ስሙ ራሱ ጎዶሎ ነው። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ፣ የቀበሌ መታወቂያ ሲያወጣ፣ የባንክ ደብተር ሲከፍት፣ የፋይዳ ቁጥር ሲወስድ የአባትና የአያት ስም ይጠየቃል። እኛም ሰነዱ እንዳይጓደል ብለን የመሥራቹን ስም፣ አንዳንድ ጊዜም የሥራ አስኪያጁን ስም ሞላንላቸው። በአንድ ወቅት ከማሳደጊያችን ስድስት ልጆች በአንድ ክፍል ይማሩ ነበር። ስድስቱም የአባታቸው ስም አንድ በመሆኑ አዲስ የመጣ መምህር «ስድስታችሁም ወንድማማች ናችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። የክፍሉ ልጆች ሳቁ። የእኛ ልጆች ግን አልሳቁም። የልደታቸውም ቀን እንዲሁ ነው፤ ለብዙዎቹ መስከረም 1 ብለን ጽፈንላቸዋል።

ይህ በእኛ ብቻ የተጀመረ አይደለም። የ1977ቱ ረሃብ በየመጠለያው ወላጆቻቸውን ያጡ እጅግ ብዙ ሕፃናትን ትቶ አለፈ። ማሳደጊያዎች በጥድፊያ ተከፈቱ። ሰው እየሞተ የልጁን የትውልድ ቀበሌና የአያቱን ስም አጣርቶ ለመጻፍ ጊዜ አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት የሠሩትን ልንወቅስ አንደፍርም። ነገር ግን ረሃቡ ካለፈ በኋላም ያው ልማድ ቀጠለ። በሌላ በኩል የተሻለ መንገድ ያሳዩን አሉ። ኢየሩሳሌም የሕፃናትና ማኅበረሰብ ልማት ድርጅት በዚያው ረሃብ ማግሥት ማሳደጊያዎችን ከፍቶ ብዙ ሕፃናትን ተቀበለ፤ በኋላ ግን ግቢ ውስጥ ማሳደግ ልጆቹን ከኅብረተሰቡ እንደሚለያቸው ተረድቶ ታናናሾቹን ከዘመዶቻቸው ጋር በማገናኘት፣ ታላላቆቹንም ራሳቸውን አስችሎ በማሰናበት ሥራውን ወደየመንደሩ አዞረ። ዘመድ የለውም የተባለ ልጅ ሁሉ ዘመድ የሌለው እንዳይደለ ከዚህ እንማራለን። ብዙ ጊዜ የጠፋው ዘመዱ ሳይሆን ፈላጊው ነው።

ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ የሄዱትንም እናስብ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ሕፃናት ተወስደዋል። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀርቷል። ከሄዱት መካከል ዛሬ አድገው ወደ ኢትዮጵያ እየተመለሱ እናታቸውን የሚፈልጉ አሉ። ጥሩ ቤት፣ ጥሩ ትምህርት፣ የሚወዳቸው ቤተሰብ አግኝተው ሳለ ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ በወረቀታቸው ላይ የተጻፈው እውነት ሆኖ አላገኙትም፤ ሞተች የተባለች እናት በሕይወት ኖራ ያገኟት አሉ። እንግዲህ ይህ ጥያቄ በዳቦም ሆነ በሀብት የሚዘጋ እንዳልሆነ ከእነርሱ እናስተውል።

ሕጉም ቢሆን ከልጁ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ስምና ዜግነት እንዲኖረው፣ ወላጆቹንም እንዲያውቅ መብት ሰጥቶታል። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 8 የሕፃኑ ማንነት፣ ማለትም ዜግነቱ፣ ስሙና የቤተሰብ ዝምድናው እንዲጠበቅለት ያዝዛል። በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ደግሞ በቁጥር 100 ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ ታሪኩን፣ ፎቶግራፎቹንና ማስታወሻ የሚሆኑ ዕቃዎቹን የያዘ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ እንዲዘጋጅለት፣ ሲዘጋጅም ልጁ ራሱ እንዲሳተፍበት፣ ዕድሜውን ሙሉም ሊያየው እንዲችል ይመክራል። እኛ ይህን መመሪያ በመደርደሪያችን ላይ አኑረነዋል፤ ከሽምግልናው በፊት ግን አልከፈትነውም ነበር።

አሁን ይህ ጉዳይ ልጁ በሚወጣበት ጊዜ ለምን እንደሚከብድ እንመልከት። በግቢው ውስጥ ሳለ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው የለም፤ ሁሉም እንደ እርሱ ነውና። በቤተሰብ ሕጋችን 18 ዓመት የሞላው ለአካለ መጠን እንደ ደረሰ ይቈጠራል፤ ልጁም ይወጣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁሉም ይጠይቀዋል። ኪራይ ቤት የሚሰጡት እማማ «ከወዴት ነህ፣ ዘመድ አለህ?» ይሉታል። ሥራ የሚቀጥረው ድርጅት ዋስ አምጣ ይለዋል፤ ዋስ የሚሆነው ደግሞ የሚያውቀው ሰው ነው። ዕድሩ «ቤተሰብህን አስመዝግብ» ይለዋል። ዐውደ ዓመት ሲደርስ አብረውት የሚሠሩት ሁሉ ዶሮና ቅቤ ይዘው ወደየአገራቸው ይሳፈራሉ፤ እርሱ በሩን ዘግቶ ይተኛል። የሴቶቹ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንዲት እኅታችን በሰው ቤት ተቀጥራ ደመወዟን በከለከሏት ጊዜ «ለማን ትናገሪያለሽ? ማን አለሽና?» እንደ ተባለች ነግራናለች። ሰው የሌላት መሆኗን ያወቀ ሰው ደፈራት።

እንግዲህ ማንነት ማለት ሁለት ነገር መሆኑን ልብ በሉ። አንደኛው ከወዴት እንደ መጣሁ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ዛሬ የማን ወገን እንደሆንሁ ማወቅ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ታሪኩን አውቆ ዛሬ ወገን የሌለው ሰው ብቸኛ ነው፤ ዛሬ ወገን አግኝቶ ታሪኩን የማያውቀውም ልቡ አያርፍም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ሙሴን እናውቀዋለን። ስሙን የሰጠችው የፈርዖን ልጅ ናት፤ ያደገውም በባዕድ ቤት ነው። ነገር ግን ጡት ያጠባችው የገዛ እናቱ ነበረች፤ ባደገም ጊዜ ወንድሞቹ እነማን እንደሆኑ ያውቅ ስለነበር ወደ እነርሱ ወጣ። አስቴርም አባትና እናት አልነበራትም፤ የአጎቷ ልጅ መርዶክዮስ አሳደጋት፤ ሀደሳ የሚለው ስሟም አልጠፋም። ሁለቱም በሌላ ቤት ማደጋቸው አልጎዳቸውም፤ ሥራቸውን የሠሩት ግን የማን ወገን እንደሆኑ ስላወቁ ነው።

አንዳንድ ጊዜ እኛ አገልጋዮች ልጁ ስለ አባቱ ሲጠይቀን «አባትህ እግዚአብሔር ነው፤ ሌላ አባት ምን ያደርግልሃል?» ብለን እንመልስለታለን። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን የተጠቀምንበት ልጁን ለማጽናናት ሳይሆን ጥያቄውን ለመዝጋት ከሆነ እውነቱን ያለ ቦታው አዋልነው። እኛ ራሳችን እግዚአብሔርን አባታችን እንለዋለን፤ ሆኖም የአባቶቻችንን ስም ከስማችን ጋር ጽፈን እንኖራለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመን ለፕሮጀክት ሠራተኞች እንናገር።

አንደኛ፣ ልጅ በተቀበላችሁ በዚያው ሳምንት የሚታወቀውን ሁሉ ጻፉ። ማን አመጣው፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ በምን ቋንቋ አለቀሰ፣ ምን ስም ሲጠሩት ዞረ፣ ምን ለብሶ ነበር፤ ልብሱንም አጥባችሁ አስቀምጡለት። ያመጣውን ሰው ስም ከነመንደሩ መዝግቡ። ዛሬ ተራ ነገር የሚመስላችሁ ከ20 ዓመት በኋላ ለልጁ ውድ ሀብት ይሆናል። የእኛ ልጅ የተረፈው በአንድ በማናውቀው ሠራተኛ የእርሳስ ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛ፣ የልጁን ስም አትለውጡ። የወላጁ ስም በእርግጥ የማይታወቅ ከሆነ ሌላ ስም መሰጠቱ አይቀርም፤ ግን ማን እንደ ሰጠውና ለምን እንደ ሰጠው ይጻፍ። ወንድምና እኅትን አትለያዩ። ልጁ ይዞት የመጣውን ቋንቋ የሚናገር ሰው በግቢው ካለ ያናግረው። ሐዋሳ ያሳደግነው ልጃችን ቦዲቲ ሲደርስ ከገዛ አጎቱ ጋር በአስተርጓሚ ተነጋገረ።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የሕይወት ታሪክ ደብተር ይኑረው። ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና በዓመት አንድ ሁለት ፎቶግራፍ ይበቃል። ያሳደገችው ሞግዚት ስም፣ የመምህሩ ስም፣ የታመመበትና የዳነበት ጊዜ፣ መጀመሪያ ያነበበው መጽሐፍ፣ የጓደኞቹ ስም ይጻፍበት። በየዓመቱ ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉት። በግቢ ያሳለፈው ዘመንም የታሪኩ ክፍል ነውና የሚያፍርበት እንዳይሆን እንርዳው። እናት በሚጠራት ሞግዚት እጅ ያደገ ልጅ እርስዋ በሌላ ስትተካ ደኅና ሁኚ ሳይላት የሚለያይ ከሆነ ሌላ እናት አጣ ማለት ነው።

አራተኛ፣ እንደ ዕድሜው መጠን እውነቱን ንገሩት። ያላወቃችሁትን አውቀን ነው አትበሉ። ሞተች የሚል ማስረጃ ከሌለ «እናትህ ሞታለች» አትበሉ። የተጣለ ሕፃን ከሆነም «እናትህ ጣለችህ» የሚለው እውነት ሁሉን አይናገርም። እናቱ ምን እንደ ደረሰባት ማን ያውቃል? «አንድ ሰው በነጠላ ጠቅልሎ ሰው በሚያልፍበት ቦታ አስቀመጠህ፤ ስታለቅስ ሰምተው አነሱህ» ማለት ይቻላል። የታየው ይህ ነውና። ልጁ ሲሰማ ያለቅስ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ አብራችሁት ተቀመጡ።

አምስተኛ፣ ከመውጣቱ ቢያንስ ሁለት ዓመት አስቀድማችሁ ሰነዱን አሟሉለት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአገር ደረጃ ተጀምሯል፤ ከዚያ በፊት የገቡ ልጆቻችን ብዙዎቹ የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ማስረጃው፣ የሕክምና መዝገቡና መታወቂያው በወጣበት ቀን በእጁ ይሁን። ግልባጩም በእኛ ዘንድ ይቀመጥ፤ ኪራይ ቤት እሳትም ሌባም አያጣውምና።

ስድስተኛ፣ ዘመድ ፍለጋ በጥንቃቄ ይሁን። ልጁ ካልፈለገ አይገደድ። ከፈለገም ብቻውን አትላኩት፤ ሳታስጠኑም አታድርሱት። የሚያቅፍ ዘመድ አለ፤ መሬት ሊካፈል መጣ ብሎ የሚሠጋም አለ፤ ከድርጅት መጥቷልና ገንዘብ ይኖረዋል የሚልም አለ። በሩ ቢዘጋ ተመልሶ የሚያለቅስበት ትከሻ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ሰባተኛውና ለዚህ መጽሔት አዘጋጆችም የሚሆነው ይህ ነው። የልጁ ታሪክ የልጁ ነው። ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ብለን ስሙንና ፎቶግራፉን ከነመከራው ማተማችንን እናቁም። ደጋፊዎቻችንም ይህን እንደምትረዱልን እናምናለን። ከእንግዲህ ከእኛ የምትቀበሉት ወሬ ቀድሞ ከምታነቡት ያነሰ እንባ የሚያስፈስስ ቢሆን ልጁን ማክበራችን መሆኑን እወቁልን።

አሁን ደግሞ ለምእመናን እንናገር። እናንተ ለእነዚህ ወጣቶች የምታደርጉትን ድርጅት ሊያደርገው አይችልም። ድርጅት በጀት አለው፤ ቤት ግን የለውም።

ከመድረክ «የማሳደጊያ ልጆች አሁን ይዘምሩልናል» አትበሉ፤ ስም አላቸውና በስማቸው ጥሯቸው። ከማሳደጊያ የወጣ ወጣት በአጥቢያችሁ ካለ አንድ ቤተሰብ ይያዘው። ገንዘብ ስጡት አንልም። በገና፣ በፋሲካና በዘመን መለወጫ የሚመጣበት ቤት ይኑረው፤ ሁልጊዜ ያው ቤት ይሁን። ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ከጋበዘው እንግዳ ይሆናል፤ አንድ ቤት ከገባ ግን ሲዘገይ «ምነው ቀረህ?» ይባላል። «ምነው ቀረህ?» የሚለው ያለው ሰው ወገን አለው ማለት ነው።

ሥራ ሲያገኝ ዋስ ሁኑት። ይህ የሚያስፈራ መሆኑን እናውቃለን፤ ግን ለገዛ ልጃችሁ እንደምታደርጉት ጠባዩን አይታችሁ አድርጉት። ዕድር አስገቡት፤ ሰው ሲሞትበት የሚያስተዛዝነው፣ እርሱም ድንኳን ተሸክሞ የሌላውን ኀዘን የሚካፈልበት ቦታ ያግኝ። እኅቶቻችን ተቀጥረው የሚሠሩበትን ቤት ሄዳችሁ ጎብኙ፤ አሠሪው ሰው እንዳላት ይወቅ። ሲያገቡም ሽማግሌ ሁኑ፤ ሲወልዱ ገንፎ ይዛችሁ ሂዱ።

ከማሳደጊያ ወጥተው የተቋቋሙትን ታላላቆቻቸውንም አንርሳ። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በአላጌ በተቋቋመው የሕፃናት አምባ ያደጉት አምባው ከተዘጋ ብዙ ዓመት ቢያልፍም ዛሬም ተፈላልገው ይገናኛሉ፤ እንደ ወንድምና እኅት ይተያያሉ። የእኛም ልጆች እንዲህ እንዲጠያየቁ በዓመት አንድ ጊዜ የሚገናኙበትን ቀን አዘጋጅተናል። ታላላቆቹ ለታናናሾቹ የሚነግሩትን እኛ ልንነግራቸው አንችልም።

ወደ ሽምግልናው ነገር እንመለስና እንጨርስ። ማስታወሻውን ይዘን ከልጁ ጋር ወደ ቦዲቲ ሄድን። በገበያው ጨው ሻጮችን እየጠየቅን ዋልን። ሴቲቱ አርጅታ ሥራ አቁማለች፤ ግን በሕይወት ነበረች። ልጁን ባየችው ጊዜ እናቱ ትጠራው በነበረው ስም ጠራችው። ከተወለደ አራት ዓመት ብቻ የተጠራበት ስም ነው፤ እርሱ እንደማያስታውሰው ነግሮን ነበር፤ ሲሰማው ግን መቆም አቅቶት ተቀመጠ።

እርስዋም የአባቱን ስምና ጎሳውን ነገረችን፤ አንድ አጎት እንዳለውም አመለከተችን። አባቱ ከእናቱ በፊት ሞቷል። አጎቱ በመጀመሪያ ፊቱን አጠቆረብን፤ ስለ መሬቱ ሠጋ። ልጁም በአስተርጓሚ «መሬቱ ይቅርብኝ፤ የአያቴን ስም ብቻ ንገረኝ» አለው። አጎቱ ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን፣ ከዚያም በላይ ያሉትን ስም በተራ ቆጠረለት። ልጁ ሁሉንም በወረቀት ጻፈ።

ወረቀቱን ይዘን ወደ ልጅቷ አባት ተመለስን። ጎሳው ከእነርሱ ጎሳ የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ ጋብቻውም ተፈቀደ። የሠርጉ ቀን አጎቱ ከቦዲቲ መጥቶ በወንድ ወገን ተቀመጠ። ጨው ሻጯም መጥታ ነበር። የማሳደጊያችን ሞግዚት ደግሞ ከአጠገቧ ተቀምጣ አብረው ሲያለቅሱ አየናቸው።

ልጁ መታወቂያው ላይ ያለውን ስም አልለወጠም። «በዚህም ስም ነው ያደግሁት፤ ይህንም አልጥለውም» አለን። የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድ ግን እናቱ ትጠራው የነበረውን የራሱን ስም እንደሚሰጠው ነግሮናል።

ሁሉም ፍለጋ እንዲህ አያበቃም። የጨው ሻጭዋን የማያገኝ፣ ማስታወሻ ያልተጻፈለትም አለ። ለእርሱ ልንሰጠው የምንችለው ያወቅነውን ሁሉ በእውነት መንገር፣ ከዚያም በኋላ የእኛ መሆኑን ማሳየት ነው። የተጻፈውን ግን ቆልፈን አንያዝ። ስለዚህ ሠራተኞች ሆይ፣ በመጪው ሳምንት ካዝናዎቻችሁን ክፈቱ፤ የእያንዳንዱን ልጅ ፋይል ከፊትም ከጀርባም አንብቡ። ምእመናን ሆይ፣ እናንተ ደግሞ በመጪው ዐውደ ዓመት በራችሁን ክፈቱ።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ።